እናቴ የነገረቻቸው የፋሲካ ዋዜማውን ነበር

በ2009 ዓ.ም. የግብር ገማቾች በአዲስ አበባ ቤት ለቤት ሲዞሩ እናቴ እንጀራ የምትሸጥበት ቤትም ገቡ። «እማማ፣ በቀን ስንት እንጀራ ይሸጣሉ?» አሏት። እናቴ እንግዳ ፊት ማማረር አትወድም። «ተመስገን ነው፣ 300 አያንስም» አለችና ቡና አፈላችላቸው። የነገረቻቸው ግን የፋሲካ ዋዜማውን ሽያጭ ነበር። በአዘቦት ቀን ከ120 አያልፍም።

ገማቾቹ ቃሏን ብቻ ይዘው አልሄዱም። ምጣዱን ቆጠሩ፤ ጥግ የተደረደረውን የጤፍ ጆንያ አዩ፤ የቤት ኪራዩን ጠየቁ። ከጆንያው ግማሹ ከእሷ ጋር አብራ የገዛችው የጎረቤቷ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ግምቱ ሲመጣ እናቴ ወረቀቱን ሰጥታኝ ዝም አለች። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንዱ እንጀራ በ5 ብር ቢሸጥ 300ው በቀን 1,500 ብር ነው፤ በ300 የሥራ ቀን 450,000 ብር ይሆናል። እውነተኛው 180,000 ብር ነበር። እሱም ቢሆን የጤፉ፣ የመብራቱና የረዳቷ ደመወዝ ያልተቀነሰለት ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም።

በወቅቱ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም። መዝገብ ከሌለ ደግሞ ግብር ሰብሳቢው የሚያየው ዙሪያውን ነው፦ ግዢውን፣ ዕቃውን፣ ኪራዩን፣ የሠራተኛውን ብዛት። መዝገብ መያዝ ያለበት ነጋዴም ሳይዝ ቢገኝ፣ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በተገኘው ማስረጃ ግብሩ በግምት ይወሰንበታል። የባንክ ሂሳብም ይታያል። ውጭ አገር ያለች ልጅ የላከችው ገንዘብ ከሽያጩ ጋር በአንድ ደብተር ከገባ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማስረዳት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

እኛም ቅሬታ ለማቅረብ ማስረጃ ፍለጋ ገባን። የጤፍ ነጋዴው የዱቤ መዝገብ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የጎረቤታችን ምስክርነት ተሰበሰበ። ያልነው ሁሉ ባይሆንም ግምቱ ተቀነሰልን።

ወላጆቻችሁ ትንሽ ንግድ ካላቸው በጊዜ አግዟቸው። የግዢ ደረሰኝ አይጣል። ቤት የተበላውም ከተሸጠው ተለይቶ ይጻፍ። የታክስ ውሳኔ ከደረሳችሁም አትዘግዩ፤ በዚሁ አዋጅ ተቃውሞ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው።

ዛሬ እናቴ ማታ ማታ የዕለቱን ሽያጭ ትናገራለች፣ ልጄ በደብተር ትጽፋለች። አንድ ቀን ልጄ ደክሟት «አያቴ፣ ነገ ብጽፈውስ?» ብትላት፣ «ዛሬውኑ ጻፊው፤ እኛ ካልጻፍነው ሌላ ሰው ይጽፍልናል» አለቻት።