ስለ ኮምፒዩተርና ስለ መገናኛ ጥበብ ለጀማሪዎች የተሰጠ መግለጫ

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሀገር ሽማግሌዎች

በጣና ባሕር ዳርቻ የሚያድግ ልጅ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በደብተርና በብዕር ብቻ ሲማር ይቈያል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከፊሉ በወረቀት፥ ከፊሉም በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። እንግዲህ ትምህርቱን ጠንቅቆ ያጠና ልጅ ከማያውቀው መኪና ፊት ተቀምጦ፥ እጁ ሲንቀጠቀጥ፥ ምልክቱን ወዴት እንደሚመራው ሲጨነቅ ሰዓቱ ቢያልቅበት፥ ጥፋቱ የልጁ ነው ለማለት አይቻልም፤ አስቀድመን ሳናስተምረው የቀረን የእኛ የታላላቆቹ ነው እንጂ። ስለዚህ መምህራን ሳያፍሩ እንዲማሩ፥ ሽማግሌዎችም ነገሩን አውቀው ልጆቻቸውን እንዲያበረታቱ ይህ መግለጫ ተጽፏል።

ኮምፒዩተር ማለት ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር የሚለው ቃል የእንግሊዝ ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው ቈጣሪ፥ ሒሳብ አስሊ ማለት ነው። ሥራውም በአራት ይከፈላል፤ እነርሱም መቀበል፥ ማስላት፥ መያዝና መመለስ ናቸው። የሚቀበለው በፊደል ገበታው በኪቦርድና በማውስ ነው፤ የሚያሰላው ከውስጡ ባለው አስሊ ክፍል ነው፤ ውጤቱንም በመስኮቱ በስክሪን ያሳያል፥ ወይም በማተሚያ በወረቀት ላይ ያወጣል።

ነገሩን በወፍጮ መስለን ልናስተውለው እንችላለን። ወፍጮ እህል ይቀበላል፥ ይፈጫል፥ ዱቄቱንም ይሰጣል። ነገር ግን ጤፍ ይሁን ገብስ፥ ንጹሕ ይሁን እንክርዳድ የተቀላቀለበት፥ ወፍጮው ራሱ አይመረምርም፤ የሰጡትን ይፈጫል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ የተሰጠውን ትእዛዝ ይፈጽማል እንጂ ሐሰት ቢያስገቡበት ሐሰቱን ወደ እውነት አይለውጠውም። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች መኪናው ሁሉን ያውቃል ሲሉ ይሳሳታሉ፤ ሌሎችም የሰውን አእምሮ ይሰርቃል ብለው ሲፈሩት እንደዚሁ ይሳሳታሉ።

ስለ መያዝም ሁለት ዓይነት መያዣ እንዳለው ማወቅ ይገባል። አንደኛው እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ሥራ በሚሠራበት ሰዓት ይጻፍበታል፥ መብራት ሲጠፋ ግን ይደመሰሳል። ሁለተኛው እንደ ትምህርት ቤት መዝገብ ነው፤ መኪናው ቢጠፋም የተጻፈበት ይኖራል። ስለዚህ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ሊለምደው የሚገባው ነገር የጻፈውን ከሰሌዳው ወደ መዝገቡ ማሳለፍ ነው፤ ይህንንም ሴቭ ማድረግ ይሉታል። መብራት በሚቈራረጥበት አገር ይህን የዘነጋ ሰው የቀን ሙሉ ድካሙን በአንድ አፍታ ያጣል።

በ1946 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር ክብደቱ ወደ 270 ኵንታል ይደርስ ነበር፤ አንድ ሰፊ አዳራሽም ይሞላ ነበር። ዛሬ እረኛ በኪሱ የሚይዘው ስልክ ከዚያ መኪና ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያሰላል። እንግዲህ ስልክ ያለው ሰው ኮምፒዩተር አይቼ አላውቅም ሊል አይገባውም።

ፊደል እንዴት ቍጥር ይሆናል?

ኮምፒዩተር በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ስለ ሆነ የሚለየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ኃይል አለ ወይም የለም። አለ የሚለውን በ1፥ የለም የሚለውን በ0 እንጽፈዋለን። ሁለት ምልክት ብቻ ምን ይበቃል የሚል ሰው ቢኖር፥ ኩራዝን ያስብ። አንድ ኩራዝ በርቶ ወይም ጠፍቶ ሁለት ነገር ብቻ ይናገራል፤ ሁለት ኩራዝ አራት፥ ሦስት ኩራዝ ስምንት ነገር ይናገራሉ። ስምንት ኩራዝ የተደረደረ እንደ ሆነ 256 ልዩ ልዩ ነገር ለመናገር ይቻላል።

መምህሩ ይህን ያለ መኪናና ያለ መብራት ሊያስተምር ይችላል። አምስት ልጆች ከግራ ወደ ቀኝ ይደርድር፤ ለእያንዳንዳቸውም 16፥ 8፥ 4፥ 2፥ 1 የሚል ወረቀት ይስጣቸው። የቆመ ልጅ ይቈጠራል፥ የተቀመጠ አይቈጠርም። 13ን ለማሳየት ባለ 8፥ ባለ 4ና ባለ 1 ይቆማሉ፤ ይህም 01101 ተብሎ ይጻፋል። አምስቱም ቢቆሙ 31 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ቍጥር እየጠሩ ቢነሡና ቢቀመጡ የኮምፒዩተርን ምሥጢር በጨዋታ ያውቁታል።

ፊደልም ወደ መኪናው የሚገባው በቍጥር ተለውጦ ነው። ዩኒኮድ የተባለ የዓለም ሁሉ የፊደል መዝገብ አለ፤ የእኛም የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዚህ መዝገብ ገባ። በመዝገቡም ሀ 4608፥ ሁ 4609፥ ሂ 4610 ተብሎ ይሄዳል። ለ ደግሞ 4616 ሲሆን ሰባቱን ፊደል ጨርሶ ሏ 4623 ይሆናል። ጣና ብለን ብንጽፍ መኪናው የሚያውቀው 4899ንና 4755ን ነው። ሀ በ0ና በ1 ሲጻፍ 1001000000000 ይሆናል።

ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስለን። ከዚያ አስቀድሞ አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የደከሙ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በየራሱ ቍጥር ስለ ጻፈ አንዱ የጻፈውን ሌላው መኪና ሲከፍተው ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን በባሕር ዳር የተጻፈ አማርኛ በአዲስ አበባም፥ በባሕር ማዶም ሳይለወጥ ይነበባል። ስለዚህ ልጆችን አማርኛን በላቲን ፊደል ከመጻፍ ከልክለን፥ በገዛ ፊደላቸው እንዲጽፉ ማስለመድ ይገባናል።

መገናኛው እንዴት ይሠራል?

በኢትዮጵያ የስልክ መሥመር ሥራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተጀመረ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረርም የተዘረጋው መሥመር 477 ኪሎሜትር ነበር። በዚያ ጊዜ ድምፁን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ፈሩት ይነገራል። ኢንተርኔት ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ። ኢንተርኔት ማለት በዓለም ያሉ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ታላቅ መረብ ማለት ነው።

በጣና ውስጥ በደቅ ደሴት ያለ ሰው በባሕር ዳር ላለ ዘመዱ መልእክት ለመላክ ቢፈልግ፥ ቀድሞ ታንኳ እየተቀዘፈ ይደርስለት ነበር። ዛሬ በስልኩ ሲናገር ስልኩ ድምፁን ወደ ቍጥር ይለውጠዋል፤ ቍጥሩም በራዲዮ ሞገድ በአየር ተጕዞ ወደሚቀርበው ማማ ይደርሳል። ከማማው ወደ ዋናው ማዕከል፥ ከማዕከሉም ወደ ሌላው ማማ ይተላለፋል። ረጅሙ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንደ ጠጕር በቀጠነ የመስተዋት ክር ነው፤ በዚያ ክር ውስጥ መልእክቱ ብርሃን ሆኖ በአንድ ሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎሜትር ይሄዳል።

ባሕር ዳር ለዚህ ጥበብ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ከመምህራን ኮሌጁ ጋራ ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ኃይልም በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለ የገጠር ልጅ ከዕውቀቱ ርቆ ቢቀር ግን ቅርብነቱ ምን ይጠቅመዋል?

ስለ ብራና መጻሕፍት

አንዳንድ አባቶች ይህ መኪና የአባቶቻችንን መጻሕፍት ያስረሳል ብለው ያዝናሉ። ኀዘናቸው ከፍቅር የመጣ ነውና ሊከበር ይገባል። ነገር ግን በ1968 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ የውጭ አገር ሊቅ በጣና ደሴቶች ያሉትን የብራና መጻሕፍት በፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ስለ ክብራንና ስለ ርማ መጻሕፍት ዝርዝር ጽፎ አሳትሟል። መጽሐፉ ከዕቃ ቤቱ ሳይወጣ ምስሉ ለብዙ ተመራማሪ ደረሰ። ዛሬ ይህን የመሰለ ሥራ በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ምስሉም ወደ ቍጥር ተለውጦ ይጠበቃል። ብራና በእሳት፥ በእርጥበትና በሌባ ይጠፋል፤ ቅጅው ግን ይተርፋል። ሆኖም ቅጅው ግዕዝ አያስተምርም፤ የሚያነበው ሊቅ ከሌለ በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ጽሑፍ በሣጥን ከተቈለፈ አይሻልም። ስለዚህ የቀለም ትምህርትና ይህ ጥበብ ተደጋጋፊዎች ናቸው።

መጠንቀቅ ስለሚገባው ነገር

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በስልክ ገንዘብ ለመላክና ለመቀበል አስችሏል። ነገር ግን የምሥጢር ቍጥር የጐተራ ቍልፍ ማለት ነው። ደውሎ ሽልማት ደርሶዎታል፥ የምሥጢር ቍጥርዎን ይንገሩኝ የሚል ሰው ሌባ ነው። ማንበብ የማይችል ሽማግሌ የሚረዳውን አንድ የታመነ የቤተ ዘመድ ሰው ይምረጥ እንጂ ስልኩን ለመንገደኛ አይስጥ።

ደግሞ በስልክ የታየ ሁሉ እውነት አይደለም። ዛሬ ሰው ያልተናገረውን እንደ ተናገረ፥ ያልሆነውንም እንደ ሆነ አድርጎ በድምፅና በሥዕል መሥራት ይቻላል። አባቶቻችን በሸንጎ ምስክር ሳይሰሙ እንደማይፈርዱ፥ እኛም ማን ተናገረው፥ መቼ፥ በምን ማስረጃ ብለን ሳንጠይቅ ወሬውን ለሌላ አናስተላልፍ። በሐሰት ወሬ ሰው ከሰው ይጋጫል፥ ደምም ይፈስሳል።

እንዴት እንጀምር?

ትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ቢኖረው ሣጥን ውስጥ ቈልፎ ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ በአቧራ ይበላሻል እንጂ አይጠበቅም። ልጆቹ በሦስት በሦስት ሆነው በተራ ይቀመጡበት፤ ሴቶች ልጆችም ከኋላ ቆመው ተመልካች ብቻ እንዳይሆኑ መምህሩ ተራቸውን ያስከብር። በመጀመሪያው ቀን ማብራትንና በሥርዓት ማጥፋትን፥ በሁለተኛው ማውስ መያዝን፥ በሦስተኛው የገዛ ስማቸውን በአማርኛ ጽፈው ማስቀመጥን ይማሩ። መኪና ጨርሶ በሌለበትም የፊደል ገበታውን በካርቶን ላይ ሥሎ ጣትን ማለማመድ፥ ከላይ የተነገረውንም የቍጥር ጨዋታ ማጫወት ይቻላል።

መምህሩ የማያውቀው ነገር ቢገጥመው አላውቅም፥ አብረን እንፈልገው ማለት ነውር አይሁንበት። ሽማግሌዎችም የትምህርት ቤት ጕባኤ በተደረገ ጊዜ ስለ ጣራውና ስለ አጥሩ እንደሚጠይቁ ሁሉ፥ ልጆቻችን ኮምፒዩተሩን በሳምንት ስንት ሰዓት ነኩት ብለው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ በየጕባኤው ከተነሣ የዳርቻው ልጅ በፈተናው ቀን ከመኪናው ፊት ሲቀመጥ የሚያስበው ስለ ጥያቄው እንጂ ስለ መኪናው አይሆንም።