አርባ ደንበኛ፣ አንድ ሰሌዳ

ሲታክ ስሟን ከሲያትልና ከታኮማ አጋጥማ በ1990 ራሷን የቻለች ትንሽ ከተማ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አውሮፕላን ማረፊያው እዚሁ ስለሆነ ታክሲ የሚነዳው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ ሆቴል የሚያጸዳው ወገናችን በዙሪያዋ ሠፍሯል። ከዚያም አልፎ የራሱን ታክሲ፣ ምግብ ቤት ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ያቆመ አለ። እኔ የምተዳደረው የእነዚህን ወገኖች ሒሳብ በመያዝና የግብር ቅጻቸውን በመሙላት ነው። በትርጉም፣ በኢሚግሬሽን ወረቀትና በዕቃ መላክ ሥራ የተሠማሩ ወዳጆቼ «ይህን ሁሉ ደንበኛ በአንድ ራስ እንዴት ትይዘዋለህ?» ማለት ስላበዙ፣ መልሱን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ላስፍረው።

በዚህ አገር ያለፈ ቀን ገንዘብ ያስከፍላል። ዕዳ ያለበት ሰው ቅጹን በጊዜው ካላስገባ፣ የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ባልከፈለው ላይ በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ መቀጫ ይጨምርበታል። አንድ ባለታክሲ ወደ እኔ የመጣው መቀጫው ጣሪያ ከነካ በኋላ ነው። ቀድሞ ይሠራለት የነበረው ሰው «አስገብቼልሃለሁ» ብሎት ነበር። ሰውየው አታላይ አልነበረም፤ ቅጹ ተሞልቶ ሳይላክ በሌላ ደንበኛ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። የልጆቹን አባት ያን ያህል ገንዘብ ያስከፈለው የወረቀት መደባለቅ ብቻ ነው።

ለዚህ መድኃኒት ተብለው የተሠሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። አሳናን ከፌስቡክ መሥራቾች አንዱ የሆነው ደስቲን ሞስኮቪትዝ ከባልደረባው ጋር በ2008 አቋቋመው። እኔ የምጠቀምበት ትሬሎ በ2011 ወጣ፤ በ2017 አትላሲያን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ በ425 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሐሳቡ ግን የቶዮታ ነው። ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ በፋብሪካው ውስጥ ሥራው በካርድ እንዲመራ አደረገ፤ ካንባን ይሉታል። ዴቪድ አንደርሰን ደግሞ በ2004 በማይክሮሶፍት፣ ኋላም እዚሁ ሲያትል በነበረው በቢል ጌትስ ኩባንያ በኮርቢስ፣ ለኮምፒዩተር ሠራተኞች እንዲስማማ አድርጎ ሠራበት። እንግዲህ ዘዴው የሰፈራችን ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው ፕሮግራሙን እንደከፈተ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የየራሱን ሰሌዳ ይሠራል። እኔ አልመክርም። አርባ ሰሌዳ ያለው ሰው ጠዋት አርባ በር ማንኳኳት አለበት፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ይደክመዋል። የእኔ ሰሌዳ አንድ ነው። ካርዱ የሚወጣው በሰው ስም ሳይሆን በሥራ ነው፤ የአንድ ምግብ ቤት የሩብ ዓመት የደመወዝ ግብር አንድ ካርድ፣ የባለቤቱ የግል ግብር ሌላ ካርድ። ዓምዶቹ አምስት ናቸው፦ ያልተጀመረ፣ ሰነድ የሚጠበቅበት፣ በእጄ ያለ፣ ፊርማ የቀረው፣ የገባ። «በእጄ ያለ» ከሚለው ሥር ከአምስት ካርድ በላይ አላስገባም። የካንባን ዋናው ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ የተጀመረው ሳያልቅ አዲስ አይጀመርም።

የሥራችን ጣጣ የሚታየው ግን ሰነድ በሚጠበቅበት ዓምድ ነው። ወገናችን ሰነዱን በፌስታል ያመጣል፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ስለዚህ በየካርዱ ላይ የጎደለውን በአማርኛ እዘረዝራለሁ፤ ስልክ የደወልሁበትንም ቀን እጽፋለሁ። ለምሳሌ ከኡበር የሚመጣው 1099-ኬ ተሳፋሪው የከፈለውን በሙሉ ስለሚያሳይ፣ ኩባንያው የቆረጠው ድርሻ ከዓመታዊ ማጠቃለያው ወጥቶ ካልተቀነሰ፣ ሾፌሩ እጁ ላልገባ ገንዘብ ግብር ይከፍላል። ማጠቃለያው ሳይመጣ ያ ካርድ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ቢቆጡኝም።

የቀን ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ኤፕሪል 15ን «ሚያዝያ 15» ብሎ የተረዳ ሰው ስምንት ቀን ያልፈዋል፤ በእኛ ሚያዝያ 7 ነውና። በካርዱ ላይ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ለደንበኛው ስነግር ደግሞ «ከትንሣኤ በፊት» ወይም «በኋላ» እያልሁ አስረግጣለሁ። የቀሩት ቀኖች አይከብዱም፤ የሠራተኛ ደመወዝ ቅጾች እስከ ጃንዋሪ 31፣ ለራሱ የሚሠራ ሰው ቅድሚያ ክፍያ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ 15። የዋሽንግተን ስቴት ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ገቢ ላይ የሚጥለው የንግድ ግብር ግን ለአንዱ በየወሩ፣ ለአንዱ በየሩብ ዓመቱ፣ ለአንዱ በዓመት ስለሆነ ቀኑ ከየካርዱ ላይ መጻፍ አለበት።

ሠራተኛ ላለው ደንበኛ ደግሞ የከተማውን ስም በቀለም እለያለሁ። ሲታክ በ2013 የ15 ዶላር ደመወዝን በ77 ድምፅ ብልጫ አጽድቃለች፤ ሕጉ የሚመለከተው የሆቴልና የመጓጓዣ ሥራዎችን ነው። ሲያትል የራሷ ሕግ አላት፤ ጎረቤታችን ታክዊላም ከጁላይ 2023 ጀምሮ የራሷን ታሠራለች። መንገድ ተሻግሮ ሁለተኛ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው በሁለት ሕግ ሊተዳደር ይችላል።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። የደንበኛን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የባንክ ቁጥር በሰሌዳው ላይ አትጻፉ፤ ፎቶግራፉንም አትለጥፉ። የፌዴራሉ ሕግ ግብር አዘጋጅ ሁሉ የደንበኛን ምስጢር የሚጠብቅበት በጽሑፍ የሰፈረ ዕቅድ እንዲኖረው ያስገድዳል። በእኔ ካርድ ላይ ያለው መለያ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰነዱ በተቆለፈ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። የገባውንም ካርድ አልሰርዘውም፤ የግል ግብሩን 3 ዓመት፣ የደመወዙን 4 ዓመት በመዝገብ አቆየዋለሁ።