የኤሌክትሪክ ካሚዮን በመንገድ ላይ ሲቆም

ከከተማ ወጥታችሁ ረጅም መንገድ የተጓዛችሁ እንደ ሆነ፣ በመንገድ ዳር ተበላሽቶ የቆመ ባለ ተሳቢ ካሚዮን ሳታዩ አልቀራችሁም። ከፊቱና ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ተደርድሮ፣ ሾፌሩ በሞተሩ ላይ አቀርቅሮ፣ ረዳቱ ከሥር ተጋድሞ ይታያል። የናፍጣ ሞተር ሲታመም መድኃኒቱ በአብዛኛው የታወቀ ነው። መፍቻ የያዘ ሰው አንዱን ፈትቶ ሌላውን አጥብቆ፣ ናፍጣ ያለቀበትም በጀሪካን አስመጥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ዛሬ ግን በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በቻይና ጎዳናዎች ናፍጣ የማይጠጣ፣ በባትሪ ኃይል ብቻ የሚሄድ ከባድ ካሚዮን እየበዛ ሄዷል። ይህ ካሚዮን ሲሄድ ምን ያህል እንደሚሄድ ብዙ ተነግሯል። ሲቆም ምን እንደሚደረግለት ግን የተነገረው ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን በዚሁ ላይ ይሆናል።

በመጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። በናፍጣ ካሚዮን ውስጥ ፒስተኑ፣ ቫልቩ፣ የናፍጣ ፓምፑ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ሁሉ እየተፋተጉ ይሠራሉ፤ የሚፋተግ ነገርም አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም። በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ግን ዋናው ተንቀሳቃሽ ክፍል በኩሽኔታ ላይ የሚሽከረከር አንድ ዘንግ ነው። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ፣ የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገ ክትትል፣ ቴስላ የሠራው አንድ ካሚዮን በመካከሉ እየቆመ ባትሪውን በመሙላት በ24 ሰዓት ውስጥ 1,730 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል። እንግዲህ ሞተሩ ብርቱ መሆኑ አያከራክርም።

ታዲያ የሚያቆመው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ትንሹ ነገር ነው። በኤሌክትሪክ ካሚዮን ውስጥ ከ400 እስከ 1,000 ቮልት ኃይል ካለው ከትልቁ ባትሪ ሌላ፣ 12 ወይም 24 ቮልት ያላት ትንሽ ባትሪ አለች። መብራቱን፣ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮቹንና ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የምታሠራው እርሷ ናት። እርሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነሣም። ይህም ግምጃ ቤቱ በገንዘብ ተሞልቶ ሳለ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ባለመምጣቱ ደመወዝ ሳይከፈል እንደሚውልበት መሥሪያ ቤት ነው።

ስለ ትንንሽ አውቶሞቢሎች አዳክ የተባለው የጀርመን አውቶሞቢል ማኅበር በ2024 ዓ.ም. የመዘገበው ቍጥር ይህንኑ ያስረዳል። ከ2020 እስከ 2022 ከተመዘገቡት መካከል፣ ለብልሽት እርዳታ የተጠራው ለ1,000 የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች 4.2 ጊዜ ሲሆን፣ ለ1,000 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች 10.4 ጊዜ ነው። ለሁለቱም ወገን ዋነኛው የብልሽት ምክንያት ያችው ትንሿ ባትሪ ናት። ካሚዮን ሸክሙም ድካሙም ከአውቶሞቢል ስለሚበልጥ ቍጥሩን እንዳለ ወስዶ ለካሚዮን መስጠት አይገባም፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው ደካማ ቦታ ማቀዝቀዣው ነው። ትልቁ ባትሪ ከመጠን በላይ እንዳይግል ወይም እንዳይቀዘቅዝ ፈሳሽ በቱቦ ይዞርበታል። ይህ ፈሳሽ ወደ ባትሪው ውስጥ ካፈሰሰ አደጋው ከባድ ነው። በሰኔ 2023 በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ በኒኮላ ኩባንያ ግቢ ውስጥ ካሚዮኖች ተቃጠሉ። ምርመራው በባትሪው ውስጥ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መፍሰሱን ስላመለከተ፣ ኩባንያው በነሐሴ ወር 209 ካሚዮኖች ለጥገና እንዲመለሱ አደረገ። ሦስተኛው ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ዕቃ ነው። ቴስላ በመጋቢት 2023 ሠላሳ አምስት ካሚዮኖችን እንዲመለሱ የጠራው፣ የእጅ ፍሬኑን የሚይዘው መሣሪያ ላይይዝ ይችላል ተብሎ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ዳር እንመለስ። የኤሌክትሪክ ካሚዮን ኃይሉ ካለቀበት በጀሪካን የሚመጣለት ነገር የለም። ወይ የሚሞላ መኪና እስከ ቦታው ይመጣል፣ ወይም ካሚዮኑ ተጎትቶ ይሄዳል። መጎተቱም እንደ ልማዱ አይደለም። ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ከተጎተቱ፣ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጭና መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ጎማዎቹን ማንሣት ወይም የሚያገናኘውን አክሰል መፍታት ያስፈልጋል። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ሽቦ ሁሉ ሰው የሚገድል ኃይል የሚያልፍበት ስለ ሆነ፣ ያልተማረ ሰው መፍቻ ይዞ ሊቀርበው አይገባም። በናፍጣ ዘመን የሚመሰገነው የረዳቱ ድፍረት፣ እዚህ ላይ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

የእሳቱ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ነሐሴ 19 ቀን 2024 ዓ.ም. ሌሊት በካሊፎርኒያ በኤሚግራንት ጋፕ አጠገብ አንድ የቴስላ ካሚዮን ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨና ባትሪው ተቃጠለ። እሳቱን ለማጥፋትና ባትሪውን ለማቀዝቀዝ 190,000 ሊትር ያህል ውሃ ፈሰሰ፤ ትልቁ አውራ ጎዳናም ለ15 ሰዓት ያህል ተዘጋ። ከተነሣም በኋላ እንደገና እንዳይቀጣጠል በሜዳ ላይ ለ24 ሰዓት ተጠበቀ። ይህ የሆነው በግጭት እንጂ በተራ ብልሽት አይደለም። ነገር ግን የአንድ ካሚዮን መቆም ምን ያህል ሰው፣ ውሃና ሰዓት ሊጠይቅ እንደሚችል ያሳየናል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የካሚዮን አስተማማኝነት በሞተሩ ብርታት ብቻ የማይለካ መሆኑን ነው። ሲበላሽ የሚደርስለት መካኒክ፣ የሚጎትተው መኪና፣ መለዋወጫ የሚልክለት ፋብሪካ ሁሉ የአስተማማኝነቱ ክፍሎች ናቸው። ከላይ የጠቀስነው የኒኮላ ኩባንያ በየካቲት 2025 ዓ.ም. ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታውቋል። ፋብሪካው የተዘጋበት ካሚዮን ምንም ጤነኛ ቢሆን፣ አንዲት ዕቃ በጎደለችው ቀን ባለቤቱን ያስጨንቃል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። የኤሌክትሪክ ካሚዮንም ተራው ሲደርስ፣ የሚጠብቀው የአዋሽ፣ የሚሌና የጋላፊ ሙቀት፣ ከዚያም ወደ ደጋው የሚያወጣው ዳገት ነው። የዕቃ ግዢና የጨረታ ሥራ በእጃችሁ ያለ አንባቢዎች፣ ሻጩን «በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ሌሎቹን ጥያቄዎች አትተዉ። ከከተማ ርቆ ቢቆም ማን ይደርስለታል? በስንት ሰዓት? መካኒኮቻችንንና የእሳት አደጋ ሠራተኞቻችንን ማን ያስተምራል? መለዋወጫው ለስንት ዓመት ይቀርባል? መልሱም በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ካሚዮኑ በረሃ ላይ ከቆመ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ፣ ለሾፌሩም ሆነ ለጭነቱ አይደርስለትም።