ራይኔክ፦ የበጋዋ እንግዳ ወፍ

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት አንዲት ግራጫማ ቡናማ ወፍ በጓሯችን ዛፍ ሥር እየዘለለች ጉንዳን ስትለቅም ብናይ፣ «ድንቢጥ ናት» ብለን ፊታችንን አናዙር። ከድንቢጥ ተለቅ ብላ ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ ጫፍ 16 ወይም 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነች፣ ላባዋም ከዛፍ ቅርፊት የማይለይ ዝንጉርጉር ከሆነ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የመጣች እንግዳ ልትሆን ትችላለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራይኔክ ይሏታል፤ ሳይንሳዊ ስሟ ጂንክስ ቶርኪላ ነው።

ራይኔክ የግንደ ቆርቁር ዘመድ ናት፤ አኳኋኗን አይቶ ግን ይህን መገመት ያስቸግራል። ግንደ ቆርቁር በጠንካራ ጭራው ተደግፎ ግንድ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በምንቃሩም እንጨት ይፈለፍላል። የራይኔክ ጭራ ለስላሳ፣ ምንቃሯም አጭር ስለሆነ ይህን አታደርግም። እንቁላሏን የምትጥለውም ቀድሞ በተገኘ የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ዝምድናዋ የሚታወቀው በእግሯና በምላሷ ነው። ሁለት ጣቶቿ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው፤ ረጅምና የሚያጣብቅ ምላሷ ደግሞ ጉንዳኑን ከነእጩ ከጎሬው ጠርጎ ያወጣል።

ለረጅሙ ጉዞ የዳረጋትም ይኸው ምግቧ ነው። በአውሮፓ ብርዱ ሲበረታ ጉንዳን ከመሬት በታች ይከተታል። ሌሎቹ ግንደ ቆርቁሮች እንጨት ፈልፍለው ትል ያወጣሉ፤ እሷ ግን ለዚያ የሚሆን ምንቃር የላትም። በመሆኑም ከአውሮፓ ግንደ ቆርቁሮች መካከል የብርዱን ወራት ለማሳለፍ አፍሪካ ድረስ የምትዘልቀው እሷ ብቻ ናት።

ለመለየት ስንሞክር በቀላሉ የምታሳስተን እዚሁ ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው የቅርብ ዘመዷ ናት። ስለዚህ በመጀመሪያ ጉሮሮዋን እንይ። የነዋሪዋ ጉሮሮና የላይኛው ደረት ቀላ ያለ ቡናማ ነው። የእንግዳዋ ጉሮሮ ግን ነጣ ያለ ቢጫማ ሆኖ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አግድም ያልፉበታል። ቀጥሎ ጀርባዋን እንመልከት፤ ከአናቷ ተነስቶ በማጅራቷ በኩል ወደ ጀርባዋ የሚወርድ ጠቆር ያለ ሰፊ መስመር አላት። በዓይኗም በኩል ሌላ ጥቁር መስመር ያልፋል።

ጠላት ሲያስጨንቃት የምታሳየው ጠባይ ከሁሉም ይደንቃል። አንገቷን ዘርግታ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያለች ትጠመዝዛለች፤ እንደ እባብም ታፏጫለች። በጨለማ ሽንቁር ውስጥ እጁን የሰደደ ሰው ወይም አዳኝ እንስሳ እባብ የነካ መስሎት ይሸሻል።

ይህች ወፍ ከዓለም አልጠፋችም፤ ሆኖም ቁጥሯ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ቀንሷል። ቀድሞ በስፋት ትራባበት በነበረው በብሪታንያ ዛሬ ጎጆዋን ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ የእኛ ጓሮ ለሕልውናዋ ዋጋ አለው። ልጆቻችን ወንጭፍ እንዳያነሱባት እንምከራቸው፤ ቤት እስካልገባ ድረስ በየጉንዳኑ ጎሬ ላይ መርዝ አናፍስስ፤ ያረጀውንም ዛፍ ሁሉ ለመቁረጥ አንቸኩል። ካየናትም በስልካችን ፎቶ እናንሳት፤ ቀኑንና ቦታውን መዝግበን ለአእዋፍ አጥኚዎች እናድርስ።