ስማቸውን ያልጻፉ የብራና ሠዓልያን

በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰዎች ስም ይገኛል፦ የጸሐፊውና ገንዘብ አውጥቶ ያጻፈው ሰው። አንባቢው ሁለቱንም በጸሎት እንዲያስባቸው ይለመናል። ሥዕሉን የሣለው ሰው ግን በአብዛኛው አይነሣም። አንዳንድ ጊዜ ጸሐፊውና ሠዓሊው አንድ ሰው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ሥዕሉ መጽሐፉ ከተጻፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ባዶ በቀረ ገጽ ላይ ተጨምሯል። በዚህ የተነሣ ሥዕሎቹ ለረጅም ጊዜ በምእመናን ዘንድ ቅዱስ ሥዕል፣ በምሁራን ዘንድ ደግሞ ጥንታዊ ቅርስ ተብለው ሲከበሩ ኖረዋል፤ የአንድ የተወሰነ ባለሙያ ሥራ ተብለው የታዩት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተደረገው ጥናት ይህን አስተያየት እየለወጠው መጥቷል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው የሚጀምረው ከቆዳው ነው። በአብዛኛው የፍየል ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ከሁለቱም ወገን ይፋቃል፣ ሲደርቅም በልክ ተቆርጦ ይታጠፋል። የገጹ ዳርና ዳር በወስፌ ይበሳና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም መስመር ይጫናል። ጸሐፊው ከመቃ በተቀረጸ ብዕር ይጽፋል፤ ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መክፈቻ ነው። ከምዕራፉ በላይ ያለውን ጌጥ፣ ማለትም እርስ በርሱ የሚጠላለፈውን ሐረግ፣ የሚሠራው እጅ እንደ ሥዕሉ ሁሉ የሠለጠነ መሆን አለበት።

ሠዓሊው በመጀመሪያ ንድፉን በቀጭን መስመር ያወጣል። ቀጥሎ ሰፋፊውን ቦታ በቀለም ይሞላል። በመጨረሻ የዓይኑን ቅርጽ፣ የጣቱን አካሄድና የልብሱን እጥፋት በጠቆረ ቀለም ያደምቃል። ጭብጡም ሆነ የቅዱሳኑ አቋቋም ከጥንት የተወረሰ ስለሆነ አንዱ ባለሙያ ከሌላው የሚለየው በተለይ በዚህ በመጨረሻው መስመር ነው። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ እንዳይፋቅ ከላዩ ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋለታል፤ በብዙ መጻሕፍት ላይ ይህ መጋረጃ ወይም የመርፌው ቀዳዳ ዛሬም ይታያል። አንዳንዱ ልማድ ለሁሉም የጋራ ነው። ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ከሓድያንና አጋንንት ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ።

ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊ የሆኑት ሥዕሎች የሚገኙት በትግራይ፣ በዓድዋ አቅራቢያ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም በሚጠበቁ ሁለት የወንጌል መጻሕፍት ውስጥ ነው። በገዳሙ ትውፊት አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው ጨርሰዋል፤ ሥራው እስኪያልቅም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆይታለች። ቀደም ያሉ ተመራማሪዎች መጽሐፎቹን ወደ አሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ያወርዷቸው ነበር። የብራናው ዕድሜ በካርቦን ሲለካ ግን አንደኛው ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሁለቱ ወንጌሎች በዓለም ላይ ሥዕል ካላቸው የወንጌል መጻሕፍት ሁሉ በቀዳሚነት ከሚቆጠሩት መካከል ናቸው። በውስጣቸው የወንጌላውያን ምስል፣ በአዕማድና በቅስት የተከበቡ ሰንጠረዦች፣ በቅስቶቹ ላይም የቆሙ አዕዋፍ አሉ። ጁዲት ማከንዚና ፍራንሲስ ዋትሰን በ2016 ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ሥዕሎቹ ከውጭ የመጡ ሳይሆኑ በኢትዮጵያ የተሠሩ ናቸው ብሎ ይሟገታል። የሠዓሊዎቹ ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ምስክሮች የሚበዙት ከአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በአሥራ አምስተኛው መባቻ የነገሡት ዐፄ ዳዊት ያሠሩት ተአምረ ማርያም ደግሞ ወርቅ ጭምር የፈሰሰበት ነው።

ስማቸው ከታወቀ ሠዓልያን ዋናው ፍሬ ጽዮን ነው። በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በገበታ ላይ የተሣለ ትልቅ ሥዕል አለ፤ ማርያም ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኟ ቆመዋል። በላዩ ያለው ጽሑፍ ሥዕሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተሠራና ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን እንደሆነ ይናገራል። ስታኒስላው ኮይናትስኪና ማሪሊን ሄልድማን ይህን አንድ ሥዕል መነሻ አድርገው ፊርማ የሌላቸውን ሥራዎች አስተያዩ። የፊቱን ሞላላነት፣ የአፍንጫውን ቀጭን መስመር፣ የጣቶቹን ርዝመትና የልብሱን አወራረድ አጥንተው ሌሎች ሥዕሎችንም ለእርሱ ወይም እርሱን ለተከተሉ ሰዎች ሰጡ። ሄልድማን በ1994 ያሳተመችው ጥናት ሙሉ በሙሉ በዚህ አንድ ሠዓሊ ላይ ያተኮረ ነው። አንዲት ፊርማ የአንድን ዘመን ሥዕል ማንበቢያ ቁልፍ ሆና አገለገለች ማለት ነው።

ሁለተኛው የታወቀ ስም የውጭ አገር ሰው ነው። የቬኒሱ ኒኮሎ ብራንካሌዮን በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጥቶ በኢትዮጵያ ከአርባ ዓመት ያላነሰ ኖሯል፤ መርቆሬዎስ ተብሎም ይጠራ ነበር። በ1520 የገባው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ አግኝቶታል። በዚያው ዘመን ገደማ በትግራይ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ፍጹም የተለየ አሣሣል ነበር። ገዳሙ ለማርያም ሥዕል አንሰግድም ብላችኋል ተብለው በዘርዐ ያዕቆብ የተሰደዱት የደቂቀ እስጢፋኖስ ማዕከል ነው። የዚህ ቤት ሠዓልያን የሰውን አካል በደማቅ ቀለም በተሞሉ ጭረቶችና ቅርጾች ይሠሩታል፤ ፊቱ ሞላላ፣ ዓይኑ ትልቅ ነው። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወንጌል የዚህ አሣሣል ምርጥ ምሳሌ ነው። አምልኮተ ሥዕልን ተቃውማችኋል ተብለው የተከሰሱ መነኮሳት ገዳም ከአገሪቱ ውብ ሥዕሎች አንዳንዶቹን ማፍራቱ የሠዓልያኑን ታሪክ ከቤተ መንግሥቱ ክስ ለይቶ ማየት እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ጎንደር መናገሻ ስትሆን አሣሣሉ እንደገና ተለወጠ። ተመራማሪዎች የመጀመሪያው የጎንደር ዘይቤ የሚሉት በጠፍጣፋ ቀለምና በጠንካራ መስመር ይታወቃል። ሁለተኛው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የደረሰ ነው፤ ፊት በጥላ ይሞላል፣ ልብስ ባለ ጥልፍ ጨርቅ ይመስላል፣ ከበስተኋላ ያለው ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሻገራል። በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ምንትዋብ ራሷ ከማርያም እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ያሣለችው እቴጌ በመልኳ ስትታወቅ ብሩሹን የያዘው ሰው አልታወቀም። የጎንደር ሠዓልያን በሮም በ1591 ከታተመው የዐረብኛ ወንጌል ያገኟቸውን የኅትመት ሥዕሎች ለመነሻ ተጠቅመዋል። እንዳሉ ግን አልገለበጧቸውም፤ ጥቁርና ነጩን በቀለም ሞሉት፣ ጥልቀቱን አጠፉት፣ ልብሱንና ዕቃውን አበሻ አደረጉት።

እነዚህን እጆች አንድ በአንድ ለመለየት ሥራዎቹን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፤ መጻሕፍቱ ግን ተበታትነዋል። በሚያዝያ 1868 መቅደላ ከወደቀች በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በምርኮ ተወሰዱ። 350 ገደማ የሚሆኑት ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ዊልያም ራይትም በ1877 የሙዚየሙን የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተመ። በኋላም የጥንት ዕቃ ንግዱ ሌላ ጉዳት አመጣ። ሥዕል ያለው ገጽ ለብቻው ይቆረጣል፤ ሥዕል በሌለው አሮጌ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ዋጋው እንዲጨምር አዲስ ሥዕል ይሣላል። የመጀመሪያው ሠዓሊውን ከመጽሐፉ ይነጥለዋል፤ ሁለተኛው ያልሠራውን ሥራ ያሸክመዋል።

በተቃራኒው ወገን ብዙ ተሠርቷል። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ስብስቡን በብዙ ያገኘው በኮይናትስኪ ጥረት ነው። በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ በአሜሪካ በሚኒሶታ ሆነው ብዙዎቹን እየመረመሩ ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ ያቋቋሙት መዝገበ ሥዕላት ደግሞ ከየገዳሙ የተነሡ ሥዕሎችን በአንድ ቦታ ለማየት ያስችላል።

ሙያው አልተቋረጠም። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሠዓልያን ስማቸውን በሥራቸው ላይ መጻፍ ለመዱ። በላቸው ይመር በቤተ ክርስቲያን አሣሣል የታሪክና የአደባባይ ጉዳዮችን ሣለ። በጎጃም የተወለዱት ቀሲስ አዳሙ ተስፋው በ2005 በሎስ አንጀለስ ሥራዎቻቸው ለብቻቸው ታይተዋል። እስክንድር ቦጎሲያን የብራናውንና የክታቡን ቅርጽ ወደ ዘመናዊ ሥዕል አስገባ።

የቀደሙትን ሠዓልያን ስም መልሶ ማግኘት በአብዛኛው አይቻልም፤ እጃቸውን ማወቅ ግን ይቻላል። ለዚህም መጽሐፉ ካለበት ቦታ ሳይነቀል ፎቶግራፍ መነሣት፣ ገጹ ሳይቆረጥ መጠበቅ፣ ዝርዝሩም ለአገሬው አንባቢ በአማርኛ መቅረብ አለበት። ዛሬ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰውና ሥዕል የሚያሣል ደብር ደግሞ የሠዓሊውን ስም ከጸሐፊውና ከለጋሹ ስም ጎን ቢያስፍር፣ የሚቀጥለው ትውልድ ተመራማሪ ከጣትና ከዓይን መስመር ተነሥቶ ለመገመት አይገደድም።