የሰማይ መንገድም ዳገት አለው



አባቶቻችን ሩቅ መንገድን የሚለኩት በቀን ነበር። «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ሲሉ ዳገቱንና ቁልቁለቱን፣ የበቅሎውንም ድካም ጭምር አስበው ነው። የአባይን በረሓ የወረደና የወጣ መንገደኛ፣ ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ መውረዱና መውጣቱ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። በአይሮፕላን የሚጓዝ ሰው ግን ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይቶ ጊዜውን ያወቀ ይመስለዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለውን መንገድ ምሳሌ አድርገን ነገሩን እንመርምር።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ የሰማይ መንገድ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ቢሰመር በሰሐራ በረሓ የሚያልፍ ይመስላል። ምድር ግን ድቡልቡል ናትና፣ በሉል ላይ ክር ዘርግቶ የሚለካ ሰው መንገዱ በሱዳን አድርጎ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር እንደሚያቀና፣ ከዋሽንግተንም ይልቅ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ እንደሚመለስ ያያል። አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ ነፋስ ባይኖር ጉዞው በ13 ሰዓት ገደማ ባለቀ ነበር።

ነገር ግን በዚያ በሰሜኑ መንገድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ይህ ነፋስ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ የሚመለሰውን ግን ከኋላው ይገፋዋል። ሁለተኛው ምክንያት የከተማችን ከፍታ ነው። የአዲስ አበባ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየርም የሞተሩና የክንፉ ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ባንድነት ተሸክሞ ለመነሣት ይቸገራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ መስመር ሲሄድ በደብሊን አርፎ ነዳጅ የጨመረባቸው ዓመታት አሉ። የዋሽንግተን ማረፊያ ግን ለባሕር ወለል የቀረበ ነውና በመልሱ ያለ ማረፍ መምጣት ይቻላል።

የሚያሳስተው ደግሞ የሰዓቱ ልዩነት ነው። ይኸውም በአሜሪካ የብርድ ወራት 8 ሰዓት፣ በሙቀታቸው ወራት 7 ሰዓት ነው። በብርዱ ወራት አንድ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነሥቶ፣ ማረፊያውን ጨምሮ 17 ሰዓት ቢወስድበት፣ ዋሽንግተን የሚደርሰው በአገሩ ሰዓት በማግሥቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ነው፤ 9 ሰዓት ብቻ የተጓዘ ይመስላል። ሲመለስ ከጧቱ 5 ሰዓት ተነሥቶ 13 ሰዓት ቢበር፣ አዲስ አበባ የሚገባው በማግሥቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ 21 ሰዓት የፈጀ ይመስላል። ዘጠኝና ሃያ አንድ ሠላሳ ነው፤ ዐሥራ ሰባትና ዐሥራ ሦስትም ሠላሳ ነው። ሰዓት በመሄጃ ያበደረውን በመመለሻ ይቀበላል ማለት ነው።

ይህ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ለሥራ የተላከ ሹም በደረሰበት ጧት በ3 ሰዓት ስብሰባ ቢቀመጥ፣ ለሰውነቱ ጊዜው በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱንም በወንበር ላይ አድሯል። በዚህ ድካም የተሰጠ ቃልና የተፈረመ ወረቀት የአገር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዞ የሚያዘጋጅ ሁሉ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትን አቅጣጫ ይጠይቅ፤ መነሻውንና መድረሻውን በአንድ ከተማ ሰዓት ይቁጠር፤ ከሥራውም በፊት አንድ የዕረፍት ሌሊት ይመድብ። አባቶቻችን ዳገት ላይ በቅሏቸውን ያሳርፉ ነበር።