ስለ አባ ኮዳ መልክና ጠባይ

ወደ ጋምቤላ የወረደ እንግዳ ስለ ባሮ ስፋት፣ ስለ ሙቀቱ ጽናትና በየመንገዱ ዳር ስለሚያጠላው የማንጎ ዛፍ ለወዳጆቹ ሲተርክ ቢውል አይታክተውም፤ በዓሣ ማውጫው ዳር ቆሞ ያየውን ባለ ረጅም እግር፣ ራሰ በራና አንገተ ጨማዳ ወፍ ግን «አስቀያሚ» በምትባል አንዲት ቃል አሰናብቶት ያልፋል። ከአእዋፍ ወገን የአባ ኮዳን ያህል ግብሩ ሳይመረመር በመልኩ ብቻ የተፈረደበት ያለ አይመስለኝምና፣ ስለዚሁ ፍጥረት ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ።

አባ ኮዳ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጥንብ አንሳ ዘር ሳይሆን የሽመላ ወገን ነው። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር፣ ክብደቱ ከ4 እስከ 9 ኪሎ ይደርሳል፤ ክንፎቹን ሲዘረጋ ስፋቱ ከ2 ሜትር ተኩል የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ መኖሪያው ከሰሐራ በረሃ በታች ያለው አፍሪካ ነው። የቀረውን ከማንኛውም የአእዋፍ መጽሐፍ ማግኘት ይቻላል።

መልኩን በተመለከተ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ጥቁር ግራጫ ላባውን ደርቦ በአንድ እግሩ ሲቆም፣ ካባ ለብሶ ከቅኔ ማሕሌት የወጣ አረጋዊ ደብተራ ይመስላል። ራሱና አንገቱ ከጥቂት ጭገር በቀር ላባ የላቸውም፤ ቆዳው ተጨማድዶ፣ እዚህም እዚያም ጠቁሮ ይታያል። ነገር ግን ጭንቅላቱን በበድን ውስጥ አግብቶ የሚመገብ ፍጥረት ራሱ በላባ ቢሸፈን ኖሮ፣ ደሙ በላባው ላይ እየደረቀ ምን ያህል ያጎሳቁለው እንደ ነበር ለሚያስብ ሰው፣ ይህ መላጣነት ጉድለት ሳይሆን ጥበብ ነው። እግሩም ነጭ የሚመስለው በተፈጥሮው ነጭ ሆኖ አይደለም፤ ሙቀት ሲበረታበት ኩሱን በገዛ እግሩ ላይ እየለቀቀ፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ስለሚያቀዘቅዝለት ነው። ይህን ሰምቶ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው በመጋቢት ወር በጋምቤላ ቀትር ላይ ቆሞ ይፍረድ። ደግሞም ከጅራቱ ሥር የሚገኘው ለስላሳ ነጭ ላባ በአውሮፓ የወይዛዝርት ባርኔጣና ልብስ ጌጥ ሆኖ ብዙ ዘመን የተሸጠ መሆኑን፣ ስለ ውበት የሚፈርዱብን ሰዎች ቢያውቁት መልካም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ በጉሮሮው ሥር ወደ ተንጠለጠለው ቀላ ያለ ከረጢት ልምጣ። ከተማረውም ካልተማረውም የምሰማው፣ አባ ኮዳ የተረፈውን ምግብ ወይም ውሃ በዚህ ከረጢት ውስጥ እንደሚያኖር ነው። በባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ አንዲት ወይዘሮም «ጋሼ፣ ስንቁን እኮ አንገቱ ላይ ነው የሚሸከመው፤ ለነገ ያስቀምጣል» ብላ በሙሉ እምነት አስረዳችኝ። እኔም ክርክሩን በቃል ከማብዛት ብዬ፣ በፊቷ ከወዳደቀው መካከል የአምባዛ ጭንቅላት እንድትወረውርለት ለመንኋት። ወፉ ጭንቅላቱን በምንቃሩ ጫፍ ተቀብሎ፣ አንድ ሁለት ጊዜ አገላብጦ፣ ምንቃሩን ወደ ሰማይ አቅንቶ ዋጠው። ያን ጊዜ አንገቱ ውስጥ እንደ ጡጫ ያበጠ ነገር ቁልቁል ሲወርድ በግልጽ ታየ፤ መንገዱ ግን ከከረጢቱ በስተኋላ ነበር፤ ከረጢቱም አልሞላም፣ አልከበደም፣ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። ወይዘሮዋ ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «ታዲያ ባዶውን ለምን ይሸከመዋል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ከረጢቱ ከምግብ መውረጃው ጋር ምንም መገናኛ የለውም፤ የተያያዘው ከአፍንጫው፣ ያውም ከግራው የአፍንጫ ቀዳዳ ጋር ነውና፣ የሚገባበት አየር ብቻ ነው። በማጅራቱ ሥርም እንዲሁ በአየር የሚነፋ ሌላ ብርቱካናማ ቀይ ከረጢት አለው፤ ይህኛው በላባው መካከል ስለሚሸሸግ ብዙ ሰው አያየውም። ወፉ አየሩን ሞልቶ ከረጢቱን የሚነፋው ማዕረጉን ለማሳየት ነው፤ ወንዱ በጎጆው ዙሪያ ሴቲቱን ሲጠባበቅ፣ ወይም በመንጋው መካከል የበላይነቱን ሲያስታውቅ ነፍቶ ይታያል። ሽመሎች በጠቅላላው የድምፅ ነገር እምብዛም አልተሰጣቸውም፤ አባ ኮዳም ከጎጆው ርቆ ሲውል በአርምሞ ይኖራል፤ ቢናገርም የሚናገረው ምንቃሩን በማጋጨት ነው። እንግዲህ መዘመር ላልተቻለው ወፍ ይህ የአየር ከረጢት እንደ አንደበት ሆኖ ክብሩን ይናገርለታል ማለት ነው። ስንቅ ቤት አድርገን የቆጠርነው የደረት ኒሻኑን ነበር!

ስለ ጠባዩ ሲነገር ትሑት ነው ብዬ አልዋሽም። በምግብ ላይ ባልንጀራውን በምንቃሩ ይወጋል፤ የሌሎችን ወፎች ጫጩት ይበላል፤ በኬንያ ሐይቆች ዳር ፍላሚንጎ ሲያድን ታይቷል። የሚደነቀው ግን ትዕግሥቱ ነው። ምንቃሩ ትልቅ ቢሆንም ሥጋ ለመቦጨቅ አይመችምና፣ በበድን ዙሪያ ጥንብ አንሶች ሲሻሙ እርሱ ጥቂት ፈንጠር ብሎ ይቆማል፤ አንዱ ቆርጦ ያወጣውን ቁራጭ ሲጥል ወይም ሲዘናጋ ብቻ አንድ እርምጃ ተራምዶ ይወስዳል። ሣር ሲቃጠልም ከእሳቱ ፊት ፊት እየሄደ የሚሸሸውን አንበጣና አይጥ ይለቅማል።

ጋምቤላ ለዚህ ጠባይ የተመቸች አገር ናት። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ፣ ከሱዳን የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ቡና ለመጫን የሚደርሱት ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። የአባ ኮዳ ገበያ ግን በተቃራኒው ነው፤ በጋ ገብቶ ባሮ ሲጎድል፣ ከዋናው ወንዝ ተቆርጠው በሚቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ዓሣው መውጫ ሲያጣ፣ እርሱ ያለ ድካም ይመገባል። በከተማው ደግሞ ከዓሣ ማውጫውና ከሥጋ ቤቱ የሚጣለውን ያነሣል፤ በሙቀት ሊሸት፣ ዝንብ ሊያፈላ የነበረውን ሁሉ ያለ ደመወዝ ያጸዳል። በአፍሪካ ጥንብ አንሶች በመርዝ እያለቁ ባሉበት በዚህ ዘመን፣ ይህ አገልግሎቱ በቀላል የሚታይ አይደለም።

ለዚህ ውለታው የምንከፍለው ዋጋ ግን ያሳፍራል። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል፤ ልጆቹን የሚገሥጽ አዋቂም አላየሁም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ቆሞ ይስቃል። ከዚህ የከፋው የአዋቂዎቹ ስንፍና ነው፤ የዓሣውን ሆድ ዕቃ በፌስታል ቋጥረው ይጥሉለታል፤ ወፉም ሥጋውን ከላስቲኩ የሚለይበት ጥርስ የለውምና ሁለቱንም አንድ ላይ ይውጣል። በህንድ አገር በአሳም፣ የአባ ኮዳን የቅርብ ዘመድ ሕዝቡ እንደ መርገም ቆጥሮ ጎጆ የሚሠራባቸውን ዛፎች ይቆርጥ ነበር፤ ፑርኒማ ዴቪ ባርማን የተባለች ሴት የመንደሩን እናቶች አስተባብራ ወፉን የሚጠብቁ እስኪሆኑ ድረስ ልባቸውን መልሳለች። ከእኛ የሚጠየቀው ያን ያህል እንኳ አይደለም፤ ድንጋዩን ከልጁ እጅ አስጥሎ፣ ሆድ ዕቃውን ለአባ ኮዳ፣ ፌስታሉን ለቆሻሻ መጣያው መስጠት ብቻ ይበቃል።